ባቡር የተወው መንገድ

አንድን ከተማ በደንብ ማየት የፈለገ ሰው በምን ይዙር? በመኪና ከሄደ ሁሉም ነገር በመስኮት ሽው ብሎ ያልፍበታል። እኛ በእግራችን ሄድን። ከተማዋ አትላንታ ትባላለች፤ በአሜሪካ አገር፣ በጆርጂያ ግዛት ናት። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አትላንታን የወለዳት ባቡር ነው። በ1837 ቦታው የሐዲድ ማብቂያ እንዲሆን ተመረጠ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ከተማ ሆነ። ኋላም ሐዲዱ ከተማዋን እንደ መቀነት ዞራት። ዘመን ሲለወጥ ግን ዕቃው በጭነት መኪና መጓዝ ጀመረ። ሐዲዱ ዛገ፤ ቁጥቋጦ ወረሰው።

በ1999 ራያን ግራቬል የሚባል ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ፣ በዚህ በተጣለ ሐዲድ ላይ ቀላል ባቡር ተመልሶ ሰፈሮችን ያገናኝ ሲል ሐሳብ አቀረበ። የእግረኛና የብስክሌት መንገዱ በኋላ ነው የተጨመረው። ስሙ ቤልትላይን ነው፤ የቀበቶ መስመር እንደማለት። ዙሪያው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚገርመው፣ መንገዱ እየተሠራ ነው፤ ባቡሩ ግን እስካሁን አልመጣም!

ጉዟችንን የጀመርነው ከፒድሞንት መናፈሻ ነው። ይህ የምሥራቁ ክፍል በ2012 ተከፈተ። መኪና አይገባበትም። ሁሉም ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ ብስክሌተኛው በግራ በኩል ሲያልፍ ደወሉን ይደውላል። ሽማግሌው ያዘግማል፣ እናት ሕፃኗን በጋሪ ትገፋለች፣ ወጣቱ ይሮጣል።

ትንሽ እንደሄድን አንድ ግዙፍ የሸክላ ሕንፃ አየን። በ1926 የተሠራ የሲርስ ኩባንያ መጋዘንና መደብር ነበር። ዛሬ ገበያ፣ ቢሮና መኖሪያ ቤት ሆኗል። ከእሱ በታች ኩሬ ያለው መናፈሻ አለ። ኩሬው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰፈሩን ጎርፍ ያስቸግረው ነበር። ከመሬት በታች ቦይ ከመቆፈር ኩሬው ረከሰ፤ አሁን የዝናቡን ውሃ ይይዛል።

ወደ ደቡብ ስንቀጥል ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1929 የተወለዱበት ቤት ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። የጥቁሮች ሰፈር ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ከተማው በ2005 ለሥራው ገንዘብ ማግኛ መላ ዘየደ፦ በመንገዱ ዙሪያ የቤትና የመሬት ዋጋ ሲጨምር፣ ግብሩም ይጨምራል፤ በጭማሪው መንገዱ ይሠራል። ደህና መላ ነው። ግን አንድ ላም ያላት ሴት አስቡ። ላሟ ወተት አልጨመረችም፤ የገበያ ዋጋዋ ግን እጥፍ ሆነ። ግብር በዋጋዋ ልክ ክፈይ ቢሏት ከየት ታመጣለች? ቤት ያላቸው ድሆች ይህ ደረሰባቸው። ተከራዮችማ ጭራሽ ኪራይ ናረባቸውና ብዙዎች ለቀው ሄዱ። መንገዱን የሚሠራው ገንዘብና ነዋሪውን የሚያፈናቅለው ነገር ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ከተማው እስከ 2030 ድረስ አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች 5,600 ቤቶች እንዲዘጋጁ አቅዷል። ግራቬል ራሱ ግን በ2016፣ ለድሆች የሚደረገው አነስተኛ ነው ብሎ ከተቀመጠበት የቦርድ ወንበር ለቀቀ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ነው እንግዲህ!

ሲመሽ ክሮግ ከሚባለው መንገድ ደረስን። በሐዲድ ሥር የሚያልፍ ዋሻ አለ፤ ግድግዳው በቀለም ሥዕል ተሸፍኗል፤ የትናንቱ ላይ የዛሬው ይሣላል። እግራችን ዝሎ ነበር፤ ዳር ላይ ተቀመጥን። ብስክሌቶቹ ደወላቸውን እያሰሙ ማለፋቸውን አላቋረጡም።