ሐዘኔታ እና ውለታ፦ በእንስሳት በጎ አድራጎት ማስታወቂያዎች ውስጥ ስሜት እንዴት ያሳምናል?



የዛሬው ንግግሬ የእንስሳት ደኅንነት በጎ አድራጎት ድርጅቶች በማስታወቂያዎቻቸው ስሜትን ለማሳመኛነት እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይመለከታል። ርዕሱ ሩቅ ቢመስልም ምሳሌው በደጃችን ነው። ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ማገዶ ወይም የውኃ ጀሪካን የተጫነች አህያ ሳያይ አልቀረም። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ተብላ የምትጠቀስ አገር ናት። ስለሆነም ዶንኪ ሳንክቹዋሪ፣ ብሩክና ስፓና የተባሉት የብሪታንያ ድርጅቶች በአገራችን ሲሠሩ ቆይተዋል። የእነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ በአመዛኙ የሚመጣው ግን አህያ ጭነው ከሚያድሩ ሰዎች ሳይሆን አህያን በሥራ ላይ እምብዛም አይተው ከማያውቁ ለጋሾች ነው። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው ድልድይ ማስታወቂያው ነው። ድልድዩ ምን እንደሚያሻግርና ምን እንደሚያስቀር መመርመር ይገባናል።

እስቲ አንድ ማስታወቂያ በምናባችን እንሥራ። ካሜራው በሸርቆሌ መንገድ ዳር በቆመች አህያ ላይ ያርፋል። ጀርባዋ ገጣባ ነው፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ካሜራው ወደ ዓይኗ ይጠጋል፤ ዝግ ያለ ሙዚቃ ይሰማል፤ ስሟ ይነገራል። በመጨረሻም ተመልካቹ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ቢሰጥ ሕይወቷ እንደሚለወጥ ይነገረዋል። ይህን ማስታወቂያ የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ክፍሉ ግን በዘርፉ የተለመደ ነው፤ የሚሠራበትም ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ምክንያት የአንዷ አህያ ብቻዋን መቅረብ ነው። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች 5 ዶላር ከፍለው፣ ከዚያ ላይ ለረሃብ እርዳታ እንዲሰጡ ጠየቁ። ስለ አንዲት የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ብቻ የተነገራቸው በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። ስለ ሚሊዮኖች ችግር በአኃዝ የተነገራቸው የሰጡት 1.14 ዶላር ነው። የልጅቱ ታሪክና አኃዙ አንድ ላይ ሲቀርብ ስጦታው 1.43 ዶላር ሆነ። ልብ በሉ፤ ዕውቀት ሲጨመር ልግስናው ቀነሰ። ማስታወቂያ ሠሪው ስለ ሚሊዮኖች አህዮች ከመናገር ይልቅ ለአንዷ ስም የሚያወጣላት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓይንና ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የእንስሳት ጥቃት መከላከያ ማኅበር ድምፃዊት ሳራ ማክላክላን የተሳተፈችበትን ማስታወቂያ አሠራጨ። በዝግታ ዜማ ታጅበው የተጎዱ ውሾችና ድመቶች ወደ ተመልካቹ ያያሉ። ማስታወቂያው በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳስገኘ ተዘግቧል። በሌላ በኩል ድምፃዊቷ ራሷ ማስታወቂያው ሲመጣ ማየት እንደማትችል በይፋ ተናግራለች። ስለዚህ ያው ሥዕል አንዱን ተመልካች እጁን ወደ ኪሱ እንዲሰድ፣ ሌላውን ደግሞ ፊቱን እንዲያዞር ያደርጋል።

ሦስተኛው የእንስሳው ንጽሕና ነው። አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ሐዘኔታን ሲተነትን፣ ጉዳት ባልተገባው ላይ ሲደርስ በማየት የሚሰማን ሕመም መሆኑን ያስረዳል። ከእንስሳ በላይ ይህን መስፈርት የሚያሟላ የለም። አህያዋ ለገጣባዋ ተጠያቂ ልትሆን አትችልም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብም ከዚህ ይጀምራል። ጉዳቱ ለአህያዋ ካልተገባ፣ ያደረሰባት ማን ነው? ማስታወቂያው ይህን ጥያቄ በተመልካቹ አእምሮ ያስነሣል፤ መልሱን ግን አይሰጥም። ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል፤ በቅርብ የሚያገኘውም ተጠያቂ ባለቤቱን ነው።

አሁን ከሥዕሉ ውጭ የቀረውን እንመልከት። ገጣባ የሚመጣው ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ነገር ሳሳ ያለ ሲሆን፣ ወይም ገመዱ ቆዳውን ሲፈትግ፣ ወይም ቁስሉ ሳይድን ሥራ ሲቀጥል ነው። ለቁስሉ ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ግን የዕለት ገቢው በአንዲት አህያ ጀርባ ላይ ለተመሠረተ ቤተሰብ ውድ ነገር ነው። የጎድን አጥንቷ መቆጠሩስ? የክልላችን ቆላማ አካባቢዎች በተለይም የዓባይና የዳቡስ ሸለቆዎች በጸጸ ዝንብ የሚተላለፈው የገንዲ በሽታ የሚገኝባቸው ናቸው። ገንዲ ከብቱንም አህያውንም ያከሳል፣ ደሙን ያሳንሳል፣ ጉልበቱን ያደክማል። በለንደን ሶፋ ላይ የተቀመጠ ተመልካች የሚያየው የተራበች አህያ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ሲያያት ግን በቅድሚያ ደሟን ይመረምራል። ያው አካል ለአንዱ የጭካኔ ማስረጃ፣ ለሌላው የበሽታ ምልክት ነው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገራችን ሰው። ዋናውን ምክንያት መድረስ ያልቻለ ሰው ዱላውን ቅርብ ባገኘው ላይ ያሳርፋል። የእንስሳት ሕክምና እጥረትን፣ ድህነትንና በሽታን በሠላሳ ሰከንድ ማሳየት ያልቻለ ማስታወቂያም፣ ሳያስበው፣ ዱላውን በባለ አህያው ላይ ያሳርፋል። ይህን ስል አህያን የሚደበድብ ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ ሊታረምም ይገባል። ሆኖም ጭካኔን ከችግር ለይቶ የማያሳይ ማስታወቂያ ሁለቱንም ሊያርም አይችልም።

ነገሩ ለሸርቆሌ የተለየ ክብደት አለው። የሸርቆሌ መጠለያ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዋናነት ከሱዳን የተፈናቀሉ ሰዎችን ሲያስተናግድ የኖረ ነው። በእርዳታ ማስታወቂያ ውስጥ ሥዕል መሆን ምን ማለት እንደሆነ የዚህ አካባቢ ነዋሪ ሊነገረው አያስፈልግም። አገራችንም ታውቀዋለች። በ1977 ዓ.ም. ከኮረም የተሠራጨው የረሃብ ምስል ዓለምን አንቀሳቅሶ እርዳታ አስገኝቷል፤ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን ረሃቡ ካለፈ በኋላም ምስሉ ከስማችን ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እርዳታው መድረሱም ስማችን መጉደፉም እውነት ነው፤ አንዱን ለማስረዳት ስንል ሌላውን መካድ የለብንም።

ታዲያ ስሜትን እንተው ወይ? ከላይ የጠቀስሁት ጥናት ይህን አይመክርም፤ አኃዝ ብቻውን ልብ አያንቀሳቅስም። የተሻለው ጥያቄ የትኛውን ስሜት እንጠቀም የሚለው ነው። ለዚህ ሁለት ታሪኮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው የካይሮ ታሪክ ነው። ዶርቲ ብሩክ የብሪታንያ ጦር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትቷቸው የሄዱ ፈረሶች አርጅተውና ተጎሳቁለው በካይሮ ሲሠሩ አየች። እ.ኤ.አ. በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከአንባቢዎችም ብዙ ገንዘብ ተላከላት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ተገዙ፤ አብዛኞቹ ከመዳን ያለፉ ስለነበሩ ሥቃያቸው እንዲያበቃ ተደረገ። ደብዳቤው አሳማኝ የሆነው አንባቢው በጦርነቱ ያገለገሉት ፈረሶች ባለዕዳ መሆኑን ስላስታወሰው ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው ሆስፒታል ደግሞ የድሆችን ፈረሶችና አህዮች በነፃ ማከም ያዘ። ሥራው እንስሳውን ከባለቤቱ ገዝቶ ከመውሰድ ተነሥቶ እንስሳውን በባለቤቱ እጅ እያለ ወደ ማከም ተሸጋገረ።

ሁለተኛው የራሳችን ታሪክ ነው። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በነዋሪዎች ተቃውሞ ምክንያት በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። ሕዝቡን ያነሣሣው በዝግ ዜማ የታጀበ ማስታወቂያ አልነበረም፤ አህያን ማረድ ነውር ነው የሚል የቆየ ስሜት ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ እንዲታገድ ወሰኑ። በዚያ ክርክር የአህያዋ ሕይወትና የባለቤቷ ኑሮ አንድ ላይ ቀርበዋል።

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸውን ስሜት በአማርኛ ለመሰየም ብፈልግ ከውለታ የተሻለ ቃል አላገኝም። ሐዘኔታ ከላይ ወደ ታች ያያል፤ ጥፋተኛም ይፈልጋል። ውለታ ግን በሁለት ወገን መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱን ከሥዕሉ ማስወጣት አይችልም። ያቺን የሸርቆሌ አህያ እንደገና እንሣላት። ውኃ ተጭናለች፤ ገመዱን የያዘችው ሴት ከጎኗ ትሄዳለች፤ ከጭነቱ ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ አለ፤ ሐኪሙ ደሟን ይመረምራል። አህያዋ ስም ይኑራት፤ ሴትየዋም ስም ይኑራት። አንዲት አህያ፣ አንድ ፊት፣ አንድ ታሪክ፦ ስሜትን የሚቀሰቅሰው ነገር ሁሉ በቦታው አለ። የተለወጠው ተመልካቹ የሚጠየቀው ነገር ነው፤ ከሴትየዋ አህያዋን እንዲያድን ሳይሆን ሁለቱንም የጫነውን ሸክም እንዲያቀል ይጠየቃል።

«እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ያነሰ ገንዘብ ቢያስገባስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በክርክር ብቻም አይፈታም። ሁለቱን ማስታወቂያዎች አዘጋጅቶ ለተመሳሳይ ተመልካቾች ማቅረብና ስጦታውን መመዘን ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚበቃ ጥናት ነው። ስጦታው ብቻ ግን አይመዘን፤ ተመልካቹ ስለ ባለቤቷ ምን እንደሚያስብም ይጠየቅ። ገንዘቡ ነገ መድኃኒት ይዞ ሲመጣ፣ አህያዋን ይዛ ወደ ክሊኒኩ የምትመጣው ያቺው ሴት ናትና። በማስታወቂያው የተዋረደች ሴት በሐኪሙ ላይ እምነት ሊኖራት አይችልም።

ስለዚህ ማንኛውንም የእንስሳት በጎ አድራጎት ማስታወቂያ ስትመረምሩ አንድ ጥያቄ እንድታስቀድሙ አደራ እላለሁ፦ ይህን ማስታወቂያ ባለ አህያዋ አጠገባችን ተቀምጣ፣ በበርታ ቋንቋ እየተተረጎመላት፣ ሳናፍር ልናሳያት እንችላለን ወይ?