የመጀመሪያው የበረዶ ሸርተቴ፣ ኪስም ጉልበትም ሳይጎዳ

ኅዳር ሲጋመስ ከአሜሪካ የሚመጣው ስልክ ወሬው ይለወጣል። «እማዬ፣ ዘንድሮ ልጆቹን በረዶ ሸርተቴ ልንወስዳቸው አስበናል፤ አንቺም በዚያ ሰሞን እዚህ ስለሆንሽ አብረሽን ትሄጃለሽ» ይላል ልጅ። እናት «እሰይ፣ እግዜር ያሳየን» ብላ ትመርቃለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን ሁለት ጥያቄ ይዛ ትቀራለች። ስንት ይፈጃል? ማንስ ይሰበራል?

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ለጀማሪ ቤተሰብ የበረዶ ሸርተቴ ውድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በማያስፈልገው ነገር ላይ ተከፍሎ በሚያስፈልገው ላይ ሲቆጠብ ነው። ትልቅ ስም ያለው ተራራ ይመረጣል፣ አዲስ ልብስ ይገዛል፣ ከዚያ «አሠልጣኝ ምን ያደርጋል፣ እኔው አሳያቸዋለሁ» ይባላል። በነርስነት ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ግን የተቀደደ የጉልበት ጅማት ከየትኛውም ሆቴል የበለጠ እንደሚያስከፍል ያውቃል።

ስፖርቱ ለሐበሻ አይሆንም የሚሉ አሉ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ስለተወዳደረ ይህ ክርክር ካለቀ ቆይቷል። እርሱ የተወዳደረበት ዓይነት ከተራራ የሚወረድበት አይደለም፤ በሜዳና በጉብታ ላይ እንደ ሩጫ የሚኬድበት ነው። ይህን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሜዳው ሸርተቴ ሊፍት ስለማያስፈልገው መግቢያው በጣም ርካሽ ነው፤ አወዳደቁም የዋህ ነው። ልጆቹ ቁልቁለቱን ሲማሩ መቀመጥ ለሰለቸው፣ ጉልበቱም ለሚታዘዝለት አያት እርሱን ብመርጥለት ደስ ይለኛል።

ልጆቹ ግን ቁልቁለቱን ነው የሚፈልጉት። እንግዲያው የመጀመሪያው ጉዞ የአንድ ቀን ይሁን። ብዙ የእኛ ሰው የሚኖርበትን የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እንውሰድ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢነዱ ደቡብ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ሊበርቲና ኋይትቴይል የሚባሉ የሸርተቴ ቦታዎች አሉ። የሊበርቲ ከጫፍ እስከ ግርጌ 200 ሜትር አይሞላም፤ እንጦጦን የወጣ ሰው ተራራ ብሎ አይጠራውም። በረዶው ካልዘነበ ብርዱን ጠብቀው በማሽን ይረጩታል። ጀማሪ ከዚህ የበለጠ ምንም አይፈልግም። ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ ሆቴል የለ፣ የአውሮፕላን ቲኬት የለ። ልጁ ብርዱን ጠልቶ ቢያለቅስ የከሰራችሁት የአንድ ቀን ወጪ ነው።

ይህን ከኮሎራዶው ቬይል ጋር አስተያዩት። እዚያ ሰው በሚበዛበት ቀን በር ላይ የሚቆረጥ የአንድ ቀን ቲኬት ከ300 ዶላር በላይ ነው። አራት ሰው ማለት ከ1,200 ዶላር በላይ፣ ያውም ያለ ጫማ፣ ያለ ትምህርት፣ ያለ ምሳ። ጀማሪው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከታች፣ ሰው በሚያጓጉዝ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ላይ እየወጣ እየወረደ ነው የሚውለው። ያንን ሁሉ ተራራ የከፈለበት ለማየት ብቻ ነው። (አያቶች ሆይ፣ ዶላሩን ገበታ ላይ ወደ ብር አትመንዝሩት፤ ለማንም አይበጅም።)

ስትደውሉ የምትጠይቁት «የጀማሪ ጥቅል አላችሁ?» ብላችሁ ነው። አብዛኞቹ ቦታዎች ትምህርቱን፣ የዕቃውን ኪራይና ለጀማሪ መለማመጃው ብቻ የሚያገለግል ቲኬት አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ ለየብቻ ከመግዛት በእጅጉ ይቀንሳል። ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መግዛትም በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል። በፔንስልቬኒያ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ስኖው ፓስ የሚባል የቅናሽ ፕሮግራም አለ፤ ኮሎራዶም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የራሱ አለው። የሚሳተፉት ቦታዎች በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ከመኸር ጀምሮ መጠየቅ ይበጃል።

ቀኑን መምረጥም ገንዘብ ነው። ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን የሚውልበት የጃንዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ሰሞንና የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚውልበት የፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ሰሞን ዋጋውም ሰልፉም ጣራ የሚነካበት ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ግርግሩ ካለፈ በኋላ ይመጣል። በዚያ ሰሞን ልጆቹ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቢቀሩ ምክንያቱም አለ፣ ሰልፉም አጭር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ምንም አትግዙ፤ ጓንትና ቀጭን የሱፍ ካልሲ ሲቀር። ጃኬቱና ውኃ የማያስገባው ሱሪ ከጓደኛ ይለመናል፣ ካልሆነም እኛ ሳልቫጅ የምንለው ዓይነት ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ እዚያም ሞልቷል። ልጅ በዓመት ስንት ቁጥር እንደሚያድግ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሄልሜት ይከራያል፤ ይህን ያለ ክርክር ተከራዩ፣ ለአባትየውም ጭምር።

ከቆዳ ጋር የሚነካካው ልብስ ጥጥ መሆን የለበትም። ጥጥ ላብና በረዶ ጠጥቶ ይይዛል፤ ከዚያ የሰውነትን ሙቀት ይመጠዋል። ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ ከውስጥ፣ ሞቃት ሹራብ በመሐል፣ ንፋስና ውኃ የሚከላከለው ከላይ። ጋቢ የጥጥ ስለሆነ ቦታው ሎጁ ውስጥ፣ በመስኮቱ አጠገብ ነው፤ እዚያ ግን የሚተካከለው የለም። ካልሲ አንድ ብቻ ይልበሱ። ሁለት ደራርቦ ያን ጠንካራ ጫማ ማጥበቅ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ እግሩ ይበልጥ ይበርደዋል።

ኪራይ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለሙያው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ስኪውን ከጫማው ጋር የሚያያዘውን ማሰሪያ ለማስተካከል ነው። ሰው ሲወድቅ ማሰሪያው በራሱ መፈታት አለበት፤ ካልተፈታ እግር ይጠመዘዛል፣ ያለ ምክንያት ከተፈታ ደግሞ ሰውዬው ይጣላል። ሰልፉ ፊት ክብደቷን ለመናገር የምታፍር እናት፣ ወይም በሕይወቱ በረዶ ረግጦ የማያውቅ «መካከለኛ ነኝ» ባይ አባት፣ ማሰሪያውን በውሸት ቁጥር እያስተካከለ ነው። እውነቱን በሹክሹክታም ቢሆን ተናገሩ።

ትምህርቱ ላይ አትቆጥቡ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሁለቴ የሄደ አባት አሠልጣኝ አይደለም። አሠልጣኙ መጀመሪያ የሚያስተምረው መቆምን ነው፤ ልጆቹን የስኪውን ጫፎች አጋጥመው ኋላውን ከፍተው «ፒዛ» እንዲሠሩ ያደርጋቸዋል፤ ያን ጊዜ ይቆማሉ። ቀጥ አድርገው ጎን ለጎን ሲያኖሩት ደግሞ እኛ ቺፕስ የምንለው የድንች ጥብስ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ይፈጥናሉ። ፒዛውን ሳያውቅ ቺፕሱን የጀመረ ልጅ የሚቆመው በሰው ወይም በአጥር ነው። አወዳደቅም ይማራሉ፦ ወደ ጎን መውደቅ፣ እየተንሸራተቱ ለመነሣት አለመታገል፣ ዱላውን ጨብጦ አለመውደቅ። ዱላ እንደጨበጠ የወደቀ ሰው የአውራ ጣቱን ጅማት ይጎዳል። ትንንሽ ልጆች ያለ ዱላ የሚጀምሩት ለዚህም ይመስለኛል።

የምሳ ወጪ የማይታይ ሌባ ነው። ሎጁ ውስጥ የሚሸጠው በርገርና ትኩስ ቸኮሌት ለአራት ሰው ሲደመር ያስደነግጣል። ቴርሞስ ውስጥ ትኩስ ሽሮ፣ በተጠቀለለ እንጀራ፤ ለኪስ ዳቦ ቆሎና በሶ። ጉዞው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ከሆነ ጾመ ነቢያት ስለሆነ የጾሙ ሰዎች የሚበሉት ከቤት ካልመጣ በቀር ይቸገራሉ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎ አትስጡ፤ አየር ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ለማንም ቢሆን እየተንሸራተቱ አፍ ውስጥ ምንም አይያዝም። ውኃ አስጠጧቸው፤ ብርድ ጥማትን ይደብቃል።

ያ አንድ ቀን ከተሳካ፣ ልጆቹም «መቼ እንመለስ?» ካሉ፣ ያን ጊዜ ኮሎራዶን ማሰብ ይቻላል። እዚያም ቢሆን ዝነኞቹን እለፏቸው። ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ሎቭላንድ፣ ሎቭላንድ ቫሊ የሚባል ለጀማሪ የተለየ መለማመጃ አለው። ግርጌው ላይ ሆቴል ስለሌለ የሚታደረው ወይ ዴንቨር ወይ መንገድ ላይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ነው፤ ለኪስም ለጤናም የሚበጀው ይኸው ነው።

ስለ ጤናው ላስረዳ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ የሎቭላንድ ግርጌ 3,290 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቀው ዋሽንግተን የሚመጡ ልጆች በአንድ ቀን እዚያ ቢወጡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ሊይዛቸው ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቦሌ በቅርቡ የተነሣች አያት ከልጅ ልጆቿ የተሻለች ልትሆን ትችላለች፤ ዋሽንግተን ብዙ ሳምንት ከቆየች ግን ሰውነቷ ለምዶት የነበረውን ይረሳል። አንድ ሁለት ሌሊት ዴንቨር ማደር፣ ቀን ወጥቶ ማታ መውረድ። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ካልተሻለው ይወርዳል። የሚወላገድ፣ የሚቀባዥር ወይም ተቀምጦ የሚያለከልክ ካለ ሳይዘገይ ማውረድና ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ቲኬት ሳይቆረጥ ሐኪሙን ያማክር።

በዚያ መንገድ፣ በአይ-70፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ባለው ጊዜ በተራራው ክፍል የሚነዳ መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የኪራይ መኪና ጎማ ሁልጊዜ ይህን አያሟላም። ቅዳሜና እሁድ ስኖውስታንግ የሚባል አውቶቡስ ከዴንቨር ወደ ተወሰኑ የሸርተቴ ቦታዎች ስለሚሄድ በበረዶ ነድቶ ለማያውቅ ሰው እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ፀሐይዋ አታታልላችሁ። አዲስ በረዶ አደገኛውን ጨረር እስከ 80 በመቶ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ቆዳችን ጠቆር ቢልም ዓይን ይቃጠላል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ መነጽር ለሁሉም ያስፈልጋል። ብርድ የነካው ጣት ወይም ጆሮ በነጭ ቆዳ ላይ ቶሎ ይታያል፣ በእኛ ልጆች ላይ ግን አመድማ መምሰሉን ልብ ካላላችሁ ያመልጣችኋል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ «ጣትህ ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የደነዘዘውን አትሹት፣ ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት፤ የማይሰማው ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ብብት ውስጥ ወይም ለብ ባለ ውኃ ማሞቅ፣ ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ማሳየት።

ለአያቶች ትልቁ አደጋ ያለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ደብድቦ ይሄዳል፤ የእነርሱ እንደ ባዘቶ ተከምሮ ይከርማል። ቀን ትንሽ ይቀልጥና ማታ መስታወት ሆኖ ይረጋል። ስኪ ሳይነኩ የዳሌ አጥንት የሚሰበረው እዚያ ነው። ሶሉ ወፍራምና ጥርስ ያለው ጫማ፣ እንደ ዳክዬ አጭር አጭር እርምጃ፣ እጅ ከኪስ ውጭ፣ የልጅ ክንድ መያዝ። «እኔ እችላለሁ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

በጉብኝት ቪዛ የሄደ ወላጅ ብዙውን ጊዜ በልጁ የጤና መድን ውስጥ አይገባም። የጎብኚ መድን ሲገዛ የክረምት ስፖርት ይሸፍን እንደሆነ ከፊርማ በፊት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በትንሽ ጽሑፍ ያስወጡታል። ቀድሞ የነበረ ሕመም፣ ደም ግፊትና ስኳር፣ እንዴት እንደሚታይም ጠይቁ። አምቡላንስ ለብቻው ሂሳብ አለው። የየቀን መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

አያት ሎጁ ውስጥ ሆና ዕቃ ትጠብቃለች፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ይዛ ስድስት ሰዓት እንድትቀመጥ መፍረድ ግን ልክ አይደለም። እናትና አባት ይፈራረቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጆቹ «አንድ ዙር ብቻ!» እያሉ ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት ጭናቸው ደክሟል፣ በረዶው እየጠጠረ ነው፣ ሰውም ሊፍቱ ሳይዘጋ ለመውረድ ይጣደፋል። ያን ጊዜ የሚያዛጋውን ልጅ ለይታ «የአንተ ቀን አልቋል፣ ና ሽሮህን ብላ» የምትል አያት ለጉዞው ከከፈለው ሰው ያላነሰ ሠርታለች።