ያውቁ ኖሯል? በ69 ዓመታቸው “ሀ” ብለው የጀመሩት ስዋሚ

ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው፣ በለንደን ወይም በኒውዮርክ አደባባይ ከበሮ እየመቱ “ሀሬ ክሪሽና” የሚሉ ሰዎችን በፊልምም ቢሆን ያላየ ጥቂት ነው። እነዚህን ሰዎች አደባባይ ያወጧቸው አንድ የካልካታ መድኃኒት ነጋዴ የነበሩ አዛውንት ናቸው። እኩዮቻቸው ጡረታ ወጥተው ፀሐይ በሚሞቁበት ዕድሜ ባሕር ተሻገሩ፤ ከዚያ በኋላ የቀራቸው ዕድሜ 12 ዓመት ብቻ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ዓለም ስዋሚ ፕራቡፓዳ እያለ የሚጠራቸው ሰው የትውልድ ስማቸው አብሃይ ቻራን ዴ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1896 ካልካታ ተወለዱ። አባታቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እናትየው ልጃቸው ለንደን ሄዶ ሕግ እንዲማርላቸው ይመኙ ነበር፤ አባትየው ግን “እዚያ ከሄደማ የፈረንጅ አመል ይዞ ይመጣል” ብለው ፈርተው እምቢ አሉ። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ልጁ የቤንጋልን አመል ይዞ ፈረንጅ አገር ገባ።

በዚያው በ1896 ባክቲቪኖድ ታኩር የተባሉ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በዳኝነት ያገለገሉ የቤንጋል ሊቅ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ካናዳ ለሚገኘው ለማክጊል ዩኒቨርሲቲ ላኩ። መጽሐፏ የምታወራው ከ1486 እስከ 1534 ስለኖረው ቻይታንያ ስለሚባለው ቅዱስ ነው። ቻይታንያ፣ ሰው ሁሉ ዘርና ወገን ሳይለይ የአምላኩን ስም እየጠራ በኅብረት ይዘምር ብሎ ያስተማረ ነው። ፕራቡፓዳ ኋላ ምዕራቡን ዓለም ያዳረሱት በዚሁ ትምህርት ነው።

አብሃይ በካልካታው ስኮቲሽ ቸርች ኮሌጅ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲያበቁ ዲፕሎማውን አልቀበልም አሉ። ጊዜው 1920 ነበር፤ ጋንዲ የእንግሊዝን ነገር ሁሉ ተዉ ያሉበት።

ያውቁ ኖሯል? ለባሕር ማዶው ጉዞ ትእዛዙን የተቀበሉት 43 ዓመት ቀደም ብለው ነው። በ1922 አንድ ጓደኛቸው እየጎተተ የባክቲቪኖድ ልጅ ወደሆኑት ወደ መምህር ባክቲሲድሃንታ ሳራስዋቲ ወሰዳቸው። አብሃይ በእጅ የተፈተለ የጋንዲ ሸማ ለብሰው ነበር። መምህሩ ገና እንደተያዩ፣ የተማራችሁ ወጣቶች ሆናችሁ ሳለ የቻይታንያን መልእክት በእንግሊዝኛ ለዓለም የማታደርሱ ለምንድን ነው ብለው ወረፏቸው። አብሃይም በቅኝ ግዛት ያለን ሰዎች ማን ይሰማናል፣ መጀመሪያ ነጻነት ይቅደም ሲሉ ተከራከሩ። የመምህሩ መልስ፣ መንግሥት ይመጣል ይሄዳል፣ ይህ ጉዳይ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም የሚል ነበር።

ቀጠሮው ግን ተሰጠው፤ ያውም የጎልማሳ ዕድሜ ሙሉ። ሚስት፣ ልጆች፣ መድኃኒት ቤት፣ ክስረት፣ እንደገና መድኃኒት ቤት። መምህሩ ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው በ1936 መጨረሻ በጻፉላቸው ደብዳቤ ያንኑ ነገር ደገሙላቸው፤ በእንግሊዝኛ አስተምር።

በ1944 “ወደ አምላክ ተመለሱ” የሚል መልእክት ያላት የእንግሊዝኛ መጽሔት ጀመሩ። ጸሐፊዋም፣ አራሚዋም፣ አዟሪዋም እርሳቸው ነበሩ። ኋላም ደልሂ ውስጥ ሻይ ቤት ገብተው ይቀመጡና ጎናቸው የተቀመጠውን ሰው አንድ ቅጂ ግዛኝ ይሉታል። በዚሁ የመጽሔት አዟሪነት ሲንከራተቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ላም ወግታ ጣለቻቸው። በሥዕሉ ሁሉ የላም እረኛ ሆኖ ለሚታየው አምላክ ለክሪሽና ዕድሜውን የሰጠን ሰው ላም ስትወጋው ምን ይባላል?

ስለ ሻይ ካነሳን አይቀር፤ ተከታዮቻቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንዲህ ይላል። እርሳቸው ሻይ አይቀምሱም፤ ባለቤታቸው ደግሞ ያለ ሻይ አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ከሻይና ከእኔ ምረጪ አሏቸው። ሴትዮዋ እየቀለዱ፣ እንግዲያውስ ባሌን መተዌ ነው ብለው መለሱ። ከዚያ አንድ ቀን አብሃይ ወደ ቤት ሲመለሱ የቅዱስ መጽሐፋቸው የሽሪማድ ባጋቫታም ቅጂ የለም፤ ወይዘሮዋ በአሮጌ ወረቀት ሒሳብ ሸጠው የሻይ ብስኩት ገዝተውበታል። ያን ቀን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ፤ ትዳሩም ፈረሰ። የወይዘሮዋን ወገን ታሪክ የጻፈልን ስለሌለ ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ ለዓመታት በክስረት ሲንገላታ የኖረ ቤት ግን በሻይ ብቻ ፈርሷል ብዬ አላምንም።

ይህ የሻይ ክልከላ ኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ሕግ ሆነ። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይበላም። ቁማር የለም። ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት የለም። የሚያሰክርና የሚያነቃቃ ነገር አይነካም፤ ሻይም፣ ለእኛ ሰው የሚከብደው ቡናም እዚህ ውስጥ ናቸው። የምግቡን ሕግስ ፍስክ የሌለበት ጾም ነው ብሎ መቻል ይቻል ይሆናል። ያለ ቡና ግን እንዴት ይዋላል? በዚያ ላይ 108 ፍሬ ያለውን መቁጠሪያ በየቀኑ 16 ጊዜ መዞር አለ።

በ1959 ማቱራ ላይ ዓለም በቃኝ ብለው መነኑ፤ የስዋሚነት ማዕረጉንም ያኔ አገኙ። መኖሪያቸው በቭሪንዳቫን ራዳ ዳሞዳር የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ተቀምጠው ባጋቫታምን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎሙ ሦስት ቅጽ አሳተሙ።

ያውቁ ኖሯል? ወደ አሜሪካ የወሰዳቸውን የመርከብ ትኬት በነጻ የሰጡት ሴት ናቸው። የሲንዲያ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ሱማቲ ሞራርጂ በመጀመሪያ ሽማግሌው በመንገድ ላይ ይሞታሉ ብለው ሰግተው ነበር፤ ስጋታቸውም ለጥቂት ነው ሳይደርስ የቀረው። “ጃላዱታ” የተባለችው የጭነት መርከብ ኦገስት 13 ቀን 1965 ከካልካታ ተነሣች። በባሕር ላይ ሳሉ የልብ ሕመም ሁለት ጊዜ ጣላቸው። መርከቧ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ በኩል ነው ያለፈችው። ምጽዋና አሰብ ያኔ የኢትዮጵያ ወደቦች ስለነበሩ ስዋሚው በደጃችን አልፈዋል ማለት ነው።

ሴፕቴምበር 17 ቦስተን ደረሱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ኒውዮርክ። በኪሳቸው የነበረው 40 የሕንድ ሩፒ ብቻ ነው፤ እሱንም አሜሪካ ውስጥ የሚቀበላቸው የለም። የያዙት ጃንጥላ፣ ጥቂት ደረቅ ስንቅና በሣጥን የታጨቁ መጻሕፍት ነበር። የመርከቧ ካፒቴን ሦስቱን ቅጽ በ20 ዶላር ስለገዛቸው መሬት የረገጡት ባዶ እጃቸውን አይደለም።

ጊዜውም ገጥሞላቸዋል። በደረሱ በሁለት ሳምንት፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1965፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን እስያውያንን ለአሥርት ዓመታት ያገደውን የኢሚግሬሽን ሕግ የሻረውን አዋጅ ፈረሙ።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ክረምት ግን ለአዛውንት የሚሆን አልነበረም። የጽሕፈት መኪናቸውና የድምፅ መቅጃቸው ተሰረቀ። ከዚያ የኒውዮርክ ሰካራሞች በሚወድቁበት ባወሪ በተባለ ሰፈር ከአንድ ወጣት ጋር ደባል ሆኑ፤ ወጣቱ ኤልኤስዲ ወስዶ ሲያብድባቸው ነፍሳቸውን ለማዳን ደረጃውን ወርደው ወደ መንገድ ወጡ።

ያውቁ ኖሯል? “ዓለም አቀፍ የክሪሽና ንቃተ ኅሊና ማኅበር” በሕግ ሲመዘገብ ዓለም አቀፉ ማኅበር የነበረው አንዲት ሱቅ ነው። ጁላይ 1966፣ ሁለተኛ ጎዳና ቁጥር 26። ከእርሳቸው በፊት የነበረው ነጋዴ “ወደር የለሽ ስጦታዎች” የሚል ታፔላ ሰቅሎ ሄዷል፤ እነርሱም ይስማማናል ብለው አላወረዱትም። ተከታዮቹ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ አንዳንዶቹ የማኅበሩን ስም ሲሰሙ በዛ ብለው ነበር። ሽማግሌው አልቀነሱም።

በጃንዋሪ 1967 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው አቫሎን አዳራሽ ግሬትፉል ዴድ እና ጃኒስ ጆፕሊን የነበረችበት ባንድ በከተማው ለተከፈተው የማኅበሩ ቤተ መቅደስ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ተጫወቱ። መግቢያው ሁለት ዶላር ከሃምሳ ነበር። ገጣሚው አለን ጊንስበርግ ስዋሚውን ይዞ መድረክ ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሂፒ ተነሥቶ አብሮ ዘመረ። የ70 ዓመቱ መነኩሴም እጃቸውን ዘርግተው ሲጨፍሩ ታዩ።

የዚያኑ ዓመት አንዲት ተከታያቸው ከውጭ ዕቃ መሸጫ መደብር ያገኘቻትን ትንሽ የእንጨት ምስል አመጣችላቸው። ስዋሚው እጃቸውን አጋጥመው እጅ ነሱ፤ ምስሉ ሕንድ ውስጥ ፑሪ ላይ በትልቅ ሠረገላ የሚነግሠው ጃጋናት ኖሯል! ወዲያው በትልቁ ይቀረጽ አሉ። በጁላይ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ጃጋናትን በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ አየ። ዛሬ ይህ በዓል በብዙ የዓለም ከተሞች ይከበራል። ፑሪ ያለው ዋናው ቤተ መቅደስ ግን ሂንዱ ያልሆነን ሰው እስከ ዛሬ አያስገባም።

የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን የለንደን ደቀ መዛሙርቱን ስቱዲዮ አስገብቶ ዝማሬያቸውን በ1969 በሸክላ አወጣላቸው፤ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 12ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። በ1973 ደግሞ ከለንደን ወጣ ብሎ ያለ ሰፊ ግቢ ሰጣቸው። ጎረቤቶች በበዓል ቀን የሚጎርፈው ሕዝብና መኪና አስቸገረን ብለው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሲያካስሱ ቆይተው ፈቃዱ የተገኘው በ1996 ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ1971 ሞስኮ ገብተዋል። ቪዛቸው የአምስት ቀን ነበር፤ በአምስቱ ቀን ያገኙት አንድ ሩሲያዊ ወጣት ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ከእርሱም ብዙዎች ተከተሉ። ሶቪየቶች ከፊሎቹን እስር ቤት፣ ከፊሎቹን የአእምሮ ሕክምና ቤት ካስገቡ በኋላ በ1988 ማኅበሩን መዘገቡ። ነገሩ ያለቀ ሲመስል፣ በ2011 ቶምስክ ላይ ዐቃቤ ሕግ የፕራቡፓዳን የባጋቫድ ጊታ ትርጉም በአክራሪነት ከስሶ ይታገድልኝ አለ። የሕንድ ፓርላማ ታወከ። ዳኛዋም በዲሴምበር ክሱን ውድቅ አደረጉት።

በዚያው በ1971 ናይሮቢም ነበሩ። እዚያ ያሉት ተከታዮቻቸው የሚያስተምሩት ነጋዴ ሕንዶችን ብቻ ሆኖ ሲያገኙ ተቆጥተው፣ በሩን ለአፍሪካውያን ክፈቱ አሉ።

እንቅልፋቸው በሌሊት ጥቂት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ሲተኛ ተነሥተው ትርጉማቸውን በድምፅ መቅጃ ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ጠዋት ይገለብጠዋል። በ1975 የቻይታንያን ታሪክ የያዘውን የ17 ቅጽ ሥራ በሁለት ወር አትሙልኝ ብለው የሎስ አንጀለስ አታሚዎቻቸውን አስጨነቁ፤ ደርሶላቸዋል። ኖቬምበር 14 ቀን 1977 ቭሪንዳቫን ላይ በ81 ዓመታቸው አረፉ። ማኅበሩ እንደሚለው እስከዚያ ዓለምን 14 ጊዜ ዞረዋል፤ 108 ቤተ መቅደሶችም ተከፍተዋል።

ጥድፊያው ግን ዋጋ አስከፍሏል። በማኅበሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት መደብደባቸውንና መደፈራቸውን የሚገልጽ ጥናት በ1998 የማኅበሩ የራሱ መጽሔት አወጣ፤ በፍርድ ቤት ክስም ካሣ ተከፈለ። ከሞታቸው በኋላ ዓለምን ተከፋፍለው መምህር ከሆኑት 11 ደቀ መዛሙርት ብዙዎቹ ወድቀዋል። አንደኛው በዌስት ቨርጂኒያ ለስዋሚው በወርቅ ያጌጠ ቤት ያሠሩት ናቸው። ስዋሚው አንድ ቀን ሳያድሩበት አረፉ፤ ሰውየውም በ1996 የተደራጀ ወንጀል ፈጽሜያለሁ ብለው አምነው ወህኒ ወረዱ። ያለ ልምድና ያለ ቁጥጥር የተሰጠ ሥልጣን ነው ጥፋቱ፤ እንዲህ በችኮላ የተከፋፈለ ሥልጣንም ከመሥራቹ ተጠያቂነት ሙሉ በሙሉ አይወጣም እላለሁ።

ያውቁ ኖሯል? ስቲቭ ጆብስ ኮሌጅ ካቋረጠ በኋላ ገንዘብ ሲያጥረው በየእሑድ ማታ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዶ ጠግቦ የሚበላው ሀሬ ክሪሽና ቤተ መቅደስ ነበር። ራሱ በ2005 ስታንፎርድ ላይ ተናግሮታል። በ2000 ባንጋሎር ያለው ቤተ መቅደስ 1,500 ተማሪዎችን ምሳ በማብላት የጀመረው አክሻያ ፓትራ የተባለ ድርጅት ዛሬ በየትምህርት ቀኑ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ያበላል።

ስዋሚው ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ መባሉን አላመኑም። ጨረቃ ከፀሐይ በላይ ናት የሚለውን የመጽሐፋቸውን ቃል ይዘው ሳይንቲስቶችን ሲሞግቱ ኖሩ።

በመጨረሻ አንድ የዲትሮይት ነገር። በ1937 የፎርድ ኩባንያ ዘበኞች የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረውን ዋልተር ሩተርን በጭካኔ ደበደቡት። በ1970ዎቹ የሄንሪ ፎርድ የልጅ ልጅ ልጅ አልፍሬድ ፎርድና የሩተር ልጅ ኤልዛቤት፣ ሁለቱም በፕራቡፓዳ እግር ሥር ተገናኝተው፣ የካዲላክ ኃላፊ የነበረውን የሎረንስ ፊሸርን ግዙፍ ቪላ ገዝተው ለማኅበሩ ሰጡ። አልፍሬድ ፎርድ ሕንድ ውስጥ ማያፑር ላይ የሚገነባውን ታላቅ ቤተ መቅደስ በሊቀ መንበርነት ይመራሉ። ከጉልላቱ ሥር ዩኒቨርስን የሚያሳይ ግዙፍ ተንጠልጣይ ቅርጽ ይሰቀልበታል፤ የተነደፈውም በሽሪማድ ባጋቫታም ልክ ነው።