ርካሹ ሽፋንና ውዱ መጋጠሚያ፤ በአሮጌ መኪና የአክስል ቡት መቀየር ላይ የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ርእሴ ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። እርሱም በአክስል ጫፍ ላይ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ የሚታየው፣ ቡት የሚባለው የላስቲክ ሽፋን ነው። የማስረዳችሁ ነጥብ አንድ ነው፤ ይህ ሽፋን መቀየር ያለበት ድምፅ ሲሰማ ሳይሆን፣ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የደጀን፣ ቢቸናና ሞጣ መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ ደብረ ወርቅ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ቢቸና ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ከቀኙ የፊት ጎማ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ብመለከት ሽፋኑ ተቀዷል፤ ግሪሱም ተረጭቶ የቸርኬውን የውስጥ ገጽ አልብሶታል። በአንድ ጋራዥ ሽፋኑን ብቻ አስቀየርሁ። ድምፁ አልጠፋም፤ እኔም «ይለመዳል» ሲሉኝ አመንሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤተሰቤን ይዤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ መጋጠሚያው ተሰበረ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ባወርድም መኪናዋ አልያዝ አለች። የእግር ፍሬኑ ባይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን ገለጻ የሚያቀርብላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ምን ሆነ? ብዙዎቻችን የምናውቃት የአዲስ አበባዋ ላዳ ታክሲ ኃይሏ የሚያልፈው በኋላ ጎማዎቿ ነው፤ ካርዳኗም የሚታጠፈው በመስቀለኛ መጋጠሚያ፣ በክሮቼራ ነው። ክሮቼራ በትንሽ እጥፋት ይበቃል። እጥፋቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን፣ ገቢው ዘንግ እኩል ቢዞርም የወጪው ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ከ0.87 እስከ 1.15 እጥፍ ይዋዥቃል። የፊት ጎማ ደግሞ መንዳትም መታጠፍም አለበት። ችግሩን ከፈቱት አንዱ በፎርድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ርዜፓ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባወጣው ንድፍ 6 የብረት ኳሶች በጎድጓዳ መስመሮች ውስጥ ሆነው የእጥፋቱን ማእዘን ምንጊዜም እኩል ይከፍሉታል። ስለዚህ ፍጥነቱ አይዋዥቅም። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ የቀረበችው ሚኒ ይህን መጋጠሚያ በሰፊው አስተዋወቀች። ዛሬ ከቪትዝ እስከ ስፖርት መኪና የምናገኘው ሲቪ ጆይንት ይኸው ነው።

ኳሶቹ የሚኖሩት በግሪስ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ግሪሱ በሽክርክሪቱ ኃይል ይወጣል፣ አቧራው ይገባል። አቧራና የቀረው ግሪስ ሲዋሐዱ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናሉ። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ መስመሮቹ መበላታቸውን የሚያበሥር ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ሽፋን ማልበስ የታመመን ሰው ጋቢ እንደ መደረብ ነው፤ ሕመሙን አይፈውስም።

መጋጠሚያው ፈጽሞ ሲሰበርስ? ተራው ዲፈረንሻል ኃይሉን ሁሉ ተቃውሞ ወደሌለበት ወገን ይለቃል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ጎማዎቹን ሊይዝ አይችልም። ከ1000 ሜትር በላይ በሚወርደው የዓባይ በረሃ መንገድ፣ በማርሽ መያዝ የሚገባው ክብደት ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ቡቱ የሚጠብቀው ግሪስን ብቻ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ የምንታመንበትን ማርሽም ጭምር ነው።

አሠራሩ ረጅም ቢሆንም ረቂቅ አይደለም። የአክስሉ ዳዶ የሚላላው መኪናው መሬት ላይ ሳለ ነው። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጽኑ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥሩ መግባት ነውር ነው። አክስሉ ሲወጣ የካምቢዮው ዘይት ስለሚፈስ መያዣ ይዘጋጃል። መጋጠሚያው ተፈትቶ እስኪነጣ ይታጠባል፤ ኳሶቹና መስመሮቹ በጣት ይዳሰሳሉ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ መጋጠሚያው ራሱ ይቀየራል። ከሌለ ግን መጀመሪያ አዲሱ ሽፋንና ትንሹ ማሰሪያ በዘንጉ ላይ ይገባሉ፤ ይህን ዘንግቶ መጋጠሚያውን ያስገባ ሥራውን ከሀ ይጀምራል። ቀጥሎ ከሽፋኑ ጋር የመጣው ግሪስ በልኩ ይሞላል፤ ትርፍ አየር ይወጣል፤ ማሰሪያዎቹ ይጠብቃሉ። በመጨረሻም አዲስ ዳዶ አምራቹ በወሰነው ልክ ይታሰራል። ተቀዶ በማጣበቂያ የሚገጠም ሽፋን ወይም በከመነዳሪ መጠቅለል ጋራዥ እስኪደረስ ብቻ ነው።

«አሮጌ መኪና ለምን እናጠናለን?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል ያንኑ መጋጠሚያና ያንኑ ላስቲክ ለብሷል።

እንግዲህ ዘይት በምትቀይሩበት ቀን ሁሉ መሪውን ጠምዝዛችሁ የሽፋኑን እጥፋቶች በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። የሚወስደው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ቢቸና ላይ ያልሰጠሁት ሁለት ደቂቃ ነው።