ለክብር አዳራሹ የሚበቃው ማን ነው?

በትምህርት ቤታችን ስለ እግር ኳስ የማይከራከር ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን በዚህ ዓመት ልገልጽላችሁ ያሰብኩት በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቀው ስለ ቤዝቦል ነው፤ እርሱም ቢሆን ስለ ጨዋታው ሳይሆን፥ ተጫዋቹ ጨዋታ ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚነሣው ክርክር ነው። በአሜሪካ አገር ዕውቅ ለሆኑ የቤዝቦል ተጫዋቾች የክብር አዳራሽ ተሠርቶላቸዋል። ማን ይግባ? ማንስ ይቅር? የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ጋዜጠኛውን፥ አባትና ልጁን፥ ጎረቤቱንም ሁሉ ያጨቃጭቃል።

ይህን ክርክር ያስለመደኝ በቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። እርሱም በስልክ ስንከራከር «አንተ ልጅ፥ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ገብተህ ሳታይ!» እያለ ይቆጣኛል። የሆነ ሆኖ የዚህ ጨዋታ መልካም ነገሩ፥ የመቺዎችና የወርዋሪዎች ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ በቁጥር እየተመዘገበ መቀመጡ ስለ ሆነ፥ በሩቅ ያለ ሰውም መዝገቡን ይዞ ሊከራከር ይችላል።

አካሄዱን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በእንጨት ዱላ ይመታል። መቺው በሜዳው አራት ማዕዘኖች ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ኳሷን ከአጥር ውጭ ካሻገራት ሆም ረን ይባላል፤ ያን ጊዜ ማንም ሳያግደው ዞሮ ይገባል። ከዐሥር ጊዜ ሦስቱን በደኅና የመታ ሰው እንደ ጎበዝ ይቆጠራል። ይህን ያህል ካወቅን ለነገራችን ይበቃል።

የክብር አዳራሹ የሚገኘው በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የተከፈተው በ1939 ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1936 ነበር። በዚያም ጊዜ ታይ ኮብ፥ ቤብ ሩዝ፥ ሆነስ ዋግነር፥ ክሪስቲ ማቲውሰንና ዋልተር ጆንሰን ተመረጡ። የተመረጠ ሰው ፊቱ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ከሥሩ ታሪኩ ይጻፍለታል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ቢያንስ 10 ዓመት የተጫወተና ጨዋታ ካቆመ 5 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። መራጮቹ በሙያቸው ማኅበር ውስጥ 10 ዓመት የቆዩ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ናቸው። እያንዳንዱ መራጭ እስከ 10 ስም ድረስ ሊጽፍ ይችላል። ለመግባት ከመቶ 75 ድምፅ ያስፈልጋል። ከመቶ 5 ያላገኘ በዚያው ዓመት ስሙ ይሰረዛል፤ የቀረው እስከ 10 ዓመት ድረስ ይሞክራል። ይህ ጊዜ እስከ 2014 ድረስ 15 ዓመት ነበረ። በጋዜጠኞች ሳይመረጥ የቀረውን ሰው ደግሞ 16 አባሎች ያሉት ኮሚቴ እንደገና ሊመለከተው ይችላል፤ ከዚያም ቢሆን 12 ድምፅ ማግኘት አለበት።

እንግዲህ ሁሉ በቁጥር ከተመዘገበ ክርክሩ ከወዴት መጣ? ቁጥሩን ደምሮ መጨረስ አይቻልም ነበርን? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ የምሰጠው መልስ የወርዋሪው የበርት ብላይሌቨን ታሪክ ነው። ብላይሌቨን ከ1970 እስከ 1992 ተጫውቶ 287 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ 3701 መቺዎችንም በውርወራው ብቻ አስወጥቷል። ስሙ መጀመሪያ ለምርጫ በቀረበ ጊዜ በ1998 ያገኘው ከመቶ 17.5 ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወደ 14.1 ወረደ። በ2011 ግን በ79.7 ተመርጦ ገባ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሰውየው አንዲት ኳስ አልወረወረም። ቁጥሩም ያው የጥንቱ ቁጥር ነበር። የተለወጠው የመራጮቹ ሐሳብ ነው። ቀድሞ ወርዋሪ የሚመዘነው ባሸነፈው ጨዋታ ብዛት ሲሆን፥ በኋላ ግን ተከራካሪዎች ተነሥተው «ወርዋሪው ቢጎብዝ እንኳ ጓደኞቹ ነጥብ ካላገቡለት በምን ያሸንፋል? እርሱ ራሱ የሠራውን ለይታችሁ ቁጠሩለት» እያሉ ዓመት ከዓመት ሞገቱ፤ ተሳካላቸውም። ስለዚህ ክርክር ሥራ ፈትነት ነው ለሚሉ ሰዎች እኔ ይህን ሰው እጠቅሳለሁ።

ወደ ከባዱ ነገር ልለፍ። በምርጫው ደንብ ውስጥ መራጩ የተጫዋቹን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ሐቀኝነቱንና ጠባዩንም እንዲመዝን የሚያዝ ቃል አለ። የጭቅጭቁም ዋና ምንጭ ይህ ቃል ነው።

ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ረን መትቷል፤ ከእርሱ የበለጠ የመታ የለም። በ2001 ብቻ 73 መታ። ሮጀር ክሌመንስ የሚባለውም ወርዋሪ 354 ጨዋታ አሸንፏል። በቁጥር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት በገቡ ነበር። ነገር ግን ጡንቻ የሚያዳብር የተከለከለ መድኃኒት ወስደዋል ተብለው ስማቸው ጠፋ። ሁለቱም አውቀን አልወሰድንም ይላሉ። ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በቦንድስ ላይ በ2011 የተፈረደው ፍትሕን የማደናቀፍ ጥፋት በ2015 ተሻረለት፤ ክሌመንስም ለአሜሪካ ምክር ቤት ዋሽተሃል ተብሎ ተከሶ በ2012 ነጻ ወጣ። መራጮቹ ግን አልለቀቋቸውም። በ2022 በመጨረሻው ዕድላቸው ቦንድስ ከመቶ 66፥ ክሌመንስ 65.2 አግኝተው ቀሩ። ኮሚቴውም በዲሴምበር 2022 እና በዲሴምበር 2025 አይቷቸው አምስት ድምፅ እንኳ አላገኙም።

ጋሼ በዚህ ደስ ይለዋል። «ሌባ ሌባ ነው፤ የሰረቀው ሆም ረንም ቢሆን» ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ይለኛል። በዚያው በ2022 ዴቪድ ኦርቲስ በመጀመሪያው ዓመቱ ተመርጧል። የኦርቲስም ስም በ2003 በተደረገው የሙከራ ምርመራ መድኃኒት ከተገኘባቸው መካከል አለ ተብሎ በ2009 በጋዜጣ ወጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን ካደ፤ የሊጉ ኮሚሽነርም በኋላ ያ ምርመራ እርግጠኛ ላይሆን ይችላል ብለው ተናገሩ። እሺ፥ ይህን እንተወው። ያ ሁሉ መድኃኒት በተወራበት ዘመን የሊጉ የበላይ የነበሩት ባድ ሴሊግ ግን በ2017 ወደ አዳራሹ ገብተዋል። ቤቱን የጠበቀው ዘበኛ ተሸልሞ፥ በዘበኛው ፊት የገቡት ብቻ በደጅ ቀሩ ማለት ነው። ጠባይ የሚመዘን ከሆነ ሚዛኑ ለአለቃውም ለተጫዋቹም አንድ መሆን ይገባዋል።

ስለ ጠባይ ከተነሣ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደኝ የቀለም ነገር ነው። በአዳራሹ ውስጥ ካፕ አንሰን የሚባል በ1939 የገባ ሰው አለ፤ በ1880ዎቹ ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም ይል የነበረ ሰው ነው። ከ1920 እስከ 1944 ኮሚሽነር የነበረው ኬነሶ ላንዲስም ገብቷል፤ በእርሱ ዘመን አንድም ጥቁር ተጫዋች በትልቁ ሊግ አልተጫወተም። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው ለብቻቸው ይጫወቱ ነበር። ከእነርሱም መካከል ጆሽ ጊብሰን የሚባል ብርቱ መቺ ነበር። ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 ገና በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የትልቁን ሊግ በር የከፈተው በዚያው ዓመት በኤፕሪል 15 ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም!

ለእነዚህ ሰዎች ከተሟገቱላቸው መካከል አንድ ነጭ ተጫዋች አለ። ቴድ ዊልያምስ በ1966 ራሱ ወደ አዳራሹ ሲገባ ባደረገው ንግግር፥ ዕድል ስላልተሰጣቸው የቀሩት እነ ሳቸል ፔጅና ጆሽ ጊብሰን አንድ ቀን እዚህ ይገባሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ አለ። ለራስ ምስጋና በተዘጋጀ ቀን ስለ ሌላው መናገር እንዲህ ነው። በ1971 ፔጅ ሲመረጥ ግን በመጀመሪያ የታሰበው የጥቁሮቹን ሰሌዳ በተለየ ቦታ ለመስቀል ነበር። ሕዝቡ ተቃወመ፤ ጋዜጦችም ጮኹ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከሌሎቹ እኩል እንዲሆኑ ተወሰነ። ጊብሰን በ1972 ተከተለ። በ2024 የጥቁሮቹ ሊግ ቁጥር ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲደመር ጊብሰን በመምታት አማካይ ታይ ኮብን አልፎ የሁሉ የበላይ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የባክ ኦኒል ነገር ነው። ኦኒል በካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበር፤ በ1962 በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ፤ በካንሳስ ሲቲ የጥቁሮቹ ሊግ ቤተ መዘክር እንዲቋቋምም ብዙ ደክሟል። በ2006 አንድ ልዩ ኮሚቴ ከጥቁሮቹ ቤዝቦል 17 ሰዎችን በአንድ ጊዜ ሲመርጥ ኦኒልን ተወው። ያን ጊዜ 94 ዓመቱ ነበር። የተመረጡት 17ቱ ሁሉ ሞተው ስለ ነበር በበዓሉ ቀን የሚናገርላቸው ሰው ተፈለገ፤ ኦኒልም እሺ ብሎ ሄደ፤ ስለ ጓደኞቹ በደስታ ተናገረ፤ የተሰበሰበውንም ሰው አዘመረው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሞተ። አዳራሹም በ2022 አስገባው። እኔ ይህን ታሪክ ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኩ ጊዜ አንዱ «ታዲያ ለማን ነው የሰጡት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ።

እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች ቢያንስ በስማቸው ሊታወቁ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጋዜጠኞቹ ራሳቸው በ2016 የእያንዳንዳቸው ድምፅ እንዲታተም ወስነው ነበር፤ የአዳራሹ ቦርድ ግን በ2017 አልቀበልም አለ። ስለዚህ የወደደ ያሳትማል፤ ያልወደደ ይደብቃል። በ2025 ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ ከ394 መራጮች የ393ቱን ድምፅ ሲያገኝ፥ ያ የቀረው አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ አልተገለጠም። ኢቺሮ በሣቅ ቤቴ ጠርቼ አብሬው ብጠጣ እወዳለሁ አለ። ሰውየው ምናልባት በቂ ምክንያት ነበረው፤ ይናገረዋ! የተሸሸገ ድምፅ ማንም ሊመልስለት፥ ማንም ሊያርመው አይችልም። ብላይሌቨንን ያስገባው ሁሉም በግልጥ ስለ ተከራከረ አይደለምን?

አሁን ደግሞ ፒት ሮዝ ተራው ደርሷል። ሮዝ 4256 ጊዜ በደኅና በመምታት ከሁሉ ይበልጣል። አሠልጣኝ ሳለ በቤዝቦል ላይ በገንዘብ ስለ ተወራረደ በ1989 ለዘለዓለም ታገደ፤ በ1991 ደግሞ አዳራሹ የታገደ ሰው ለምርጫ አይቀርብም ብሎ ደነገገ። ሮዝ ለብዙ ዓመት ክዶ በ2004 አመነ፤ በሴፕቴምበር 2024 በ83 ዓመቱ ሞተ። በሜይ 2025 ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድ እግድ ከሞት አያልፍም፤ የሞተ ሰው ጨዋታውን ሊጎዳ አይችልም ብለው ስሙን ከታገዱት አወጡ። በ1919 ጨዋታ ለመሸጥ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ የታገደው ጆ ጃክሰንም አብሮ ተፈታ፤ እርሱ ከሞተ 70 ዓመት አልፎት ነበር።

እኔ ሁለቱን ለይቼ አያቸዋለሁ። ጃክሰን ፍርድ ቤት ነጻ ቢያወጣውም፥ በዚያ ውድድር ደኅና አድርጎ ቢመታም፥ 5000 ዶላር እጁ ገብቷል፤ ጨዋታን ለሽያጭ ማቅረብ ከሁሉ የከፋ ነው። ሮዝ ግን ቡድኔ ይሸነፋል ብሎ እንደ ተወራረደ ማስረጃ አልተገኘበትም። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ሕጉንም ያውቅ ነበር። ሆኖም ከሰሌዳው ሥር «በውርርድ ምክንያት ታግዶ ነበር» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ማስገባት ይሻላል እላለሁ፤ ይህም በሕይወቱ ሳለ ቢደረግ መልካም ነበር። ጋሼ «አይሆንም፤ ሌሎቹ ይማሩበት» ይላል። በዲሴምበር 2027 ኮሚቴው የድሮ ተጫዋቾችን ለመምረጥ ሲሰበሰብ የሮዝ ስም ሊቀርብ ይችላል። ጋሼ 12 ድምፅ አያገኝም ይላል፤ እኔ ያገኛል እላለሁ። በገንዘብ ግን አልተወራረድንም።