አማተር መዘምራን የገና ሸክላ እንዴት አሳተሙ?

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ገብቶ የሸክላ ክምር ያገላበጠ ሰው፣ የሆነ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ያሳተሙት የገና ሸክላ ሳያጋጥመው አይቀርም። ዘማሪዎቹን ከአካባቢያቸው ውጭ የሚያውቃቸው የለም። ታዲያ ማን አሳተመላቸው?

ነገሩ የሚጀምረው ከማይክሮፎን ነው። ቀደም ሲል ድምፅ የሚቀረጸው በትልቅ መለከት ነበር። ዘፋኙ ወደ መለከቱ አፍ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰም ላይ መስመር ያወጣል። የሚያጎላ ምንም ነገር ስላልነበረ በደንብ የሚሰሙት መለከቱ ሥር የተፋፈጉት ብቻ ናቸው። ከኋላ የቆመው ዘመረ አልዘመረ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ትልልቅ መዘምራን በዚህ መንገድ ተቀርጸዋል፤ ግን ድምፃቸው የታፈነ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1925) ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ በማይክሮፎን የሚሠራውን አዲሱን የኤሌክትሪክ መቅረጫ ይዞ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሃውስ ገባ። መድረኩ ላይ የነበሩት ከተለያዩ የወንዶች የመዝሙር ክበቦች የተሰባሰቡ አማተሮች ናቸው፤ ኩባንያው ቁጥራቸውን 850 ብሎታል። «አዴስቴ ፊዴሌስ» የተባለውን የገና መዝሙር ሲያዜሙ ታዳሚውም አብሮ ስለዘመረ፣ ሸክላው የ4,850 ሰው ድምፅ ተብሎ ተሸጠ። ቁጥሩ የነጋዴ ቁጥር ነው፤ ሰው በሰው የቆጠረ ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲዘምር በሸክላ መስማት በዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ገና ካለፈ ከሦስት ወር በላይ ሆኖት ነበር፤ የሸክላው ሌላኛው ገጽ ደግሞ «ጆን ፒል» የተሰኘ የአደን ዘፈን ነው።

ለትንንሾቹ መዘምራን በሩ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሎምቢያ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ የሚሽከረከረውን ረጅም ሸክላ አወጣ። በአንድ ገጽ አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚይዘው የቀድሞው ሸክላ ሃያ ደቂቃ ገደማ በሚይዝ ተተካ። የቴፕ መቅረጫም ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ አንድ ባለሙያ መቅረጫውንና ማይክሮፎኖቹን ጭኖ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ቴፑም ወደ ፋብሪካ ይላክ ነበር። አርሲኤ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ለዚህ ዓይነት ትእዛዝ የተለየ ክፍል ነበረው። ካሊፎርኒያ ሶገስ የነበረው ሴንቸሪ የተባለ ኩባንያ ደግሞ በየከተማው ወኪሎች እያሰማራ የትምህርት ቤት መዘምራንን ይቀርጽ ነበር። ወጪውን የሚሸፍኑት መዘምራኑ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ገዢዎቹ ወላጆችና ምእመናን ነበሩ። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታተመ የሻማ ወይም የበረዶ ሥዕል ሆኖ ስም መጻፊያ ቦታ ብቻ ይተውለት ነበር።

ሙዚቃው? እውነቱን ለመናገር አብዛኛው መካከለኛ ነው። ከዜማው ቀድማ የምትገባ ሴት፣ ከታዳሚው መሃል የሚያስል ሰው ይሰማሉ። እኔ የምወደው ግን ይህንኑ ነው፤ በስቱዲዮ የተሠራ የገና ሸክላ እንዲህ ያለውን ነገር አጥቦ ያወጣዋል።

ብዙዎቹ ርካሽ ስለሆኑ ለትርፍ ብለው አይግዙ። ከገዙ ግን ቆመው እንዲቀመጡ ያድርጉ፤ ፀሐይ ካገኛቸው ይጎብጣሉ። በደቂቃ 78 ዙር የሚሽከረከሩት የጥንቶቹ ሰፋ ያለ መርፌ ይፈልጋሉ፤ ከወደቁም ይሰበራሉ። እነዚህን በአልኮል እንዳያጸዱ፤ አልኮሉ ሸክላውን ራሱን ያሟሟዋል።