የውጭ አገር ተወላጅና የአገሩ ተወላጅ ሠራተኞች በዋሽንግተንና አካባቢዋ፦ ተረትና እውነታ

የአንድ አካባቢ የሠራተኛ ኃይል የሚባለው በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችና ሥራ ባይኖራቸውም እየፈለጉ ያሉ ሰዎች ድምር ሲሆን፣ የማይሠሩና ሥራም የማይፈልጉ ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና ልጆቻቸውን ለማሳደግ ቤት የዋሉ ወላጆች በዚህ ድምር ውስጥ አይቆጠሩም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ይህን ኃይል የአገሩ ተወላጅና የውጭ አገር ተወላጅ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የውጭ አገር ተወላጅ በሚለው ክፍል ሲወለድ የአሜሪካ ዜግነት ያልነበረው ሁሉ ስለሚካተት፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ዜግነት የወሰደውም፣ ግሪን ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ያለውም፣ በጥገኝነት የሚኖረውም፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ አቆጣጠር በ2023 ከአሜሪካ የሠራተኛ ኃይል 18.6 በመቶው የውጭ አገር ተወላጅ ነበር።

ዋሽንግተን ዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን አጎራባች ወረዳዎች በሚያጠቃልለው የሥራ ገበያ ውስጥ ከኤልሳልቫዶር፣ ከህንድ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከቻይናና ከኮሪያ የመጡ ሠራተኞች ጎላ ያለ ድርሻ አላቸው። ስለ እነዚህ ሠራተኞች በአገሩ ተወላጆችም ሆነ በራሳቸው በመጤዎቹ ዘንድ የሚነገሩ ብዙ እምነቶች አሉ፤ አብዛኞቹም የሚሳሳቱት ሥራን ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሠራተኛንም ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው ስለሚወስዱ ነው።

ተረት 1፦ የሥራው ብዛት የተወሰነ ስለሆነ አንድ የውጭ ተወላጅ ሥራ ሲይዝ አንድ የአገሩ ተወላጅ ሥራ ያጣል።

እውነታው፦ ይህ አስተሳሰብ የአንድን አገር ሥራ በሌማት ላይ እንደቀረበ እንጀራ፣ ማለትም አንዱ ሲቆርስ ለሌላው የሚያንስ ነገር አድርጎ ያያል። የኢኮኖሚ ሊቃውንት «የተወሰነ የሥራ መጠን ስህተት» ብለው የሚጠሩት ሲሆን፣ ስሙም ከ1891 ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቃል። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ ከመያዙም በላይ ቤት ይከራያል፣ ምግብና ልብስ ይገዛል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባል፤ በዚህም ምክንያት የሠራተኛው ቁጥር ሲጨምር የሥራ ፍላጎቱም አብሮ ይጨምራል።

ነገሩን ለመመርመር ከሁሉ የተሻለ አጋጣሚ የፈጠረው በ1980 ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት 125,000 ያህል ኩባውያን ከማሪየል ወደብ ተነሥተው ፍሎሪዳ መግባታቸው ነው። ግማሽ ያህሉ ማያሚ ውስጥ በመቅረታቸው የከተማዋ የሠራተኛ ኃይል በጥቂት ወራት ውስጥ በ7 በመቶ ገደማ አደገ። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድ ማያሚን ከሌሎች ተመሳሳይ ከተሞች ጋር አወዳድሮ በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ዝቅተኛ ክህሎት ባላቸው ነባር ሠራተኞች ደመወዝም ሆነ ሥራ አጥነት ላይ የሚታይ ጉዳት አላገኘም፤ ካርድ ለሥራ ገበያ ምርምሩ በ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ጉዳዩ ግን በዚህ አልተዘጋም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ቦርሃስ በ2017 ያሳተመው ጥናት ትኩረቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባላጠናቀቁና ከላቲን አሜሪካ ዝርያ ውጭ በሆኑ ወንዶች ላይ ብቻ አድርጎ የእነዚህ ሰዎች ደመወዝ በከፍተኛ መጠን ወርዷል ሲል ደምድሟል። ኢኮኖሚስቶቹ ማይክል ክሌመንስና ጄኒፈር ሃንት ደግሞ ኩባውያኑ በመጡበት ጊዜ የቦርሃስ ናሙና የሚያካትታቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ድርሻ በመጨመሩ የታየው ቅናሽ በከፊል ከናሙናው መለወጥ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ክርክሩ የቀጠለው በአንድ ጠባብ የሠራተኞች ክፍል ዙሪያ ሲሆን፣ የከተማዋ ሠራተኞች በጅምላ ሥራቸውን ተነጠቁ የሚለው አባባል ግን ከማስረጃው ጋር አይገጥምም።

ተረት 2፦ የውጭ ሠራተኞች ቢባረሩ የአገሩ ተወላጆች ደመወዝ ወዲያውኑ ከፍ ይላል።

እውነታው፦ ይህ በታሪክ የተሞከረ ነገር ነው። አሜሪካ ከ1942 እስከ 1964 ባለው ጊዜ «ብራሴሮ» በተባለው ስምምነት አማካይነት ሜክሲኳውያንን ለእርሻ ሥራ በየወቅቱ ታስገባ ነበር። ስምምነቱ እንዲቆም ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ የአሜሪካውያን የእርሻ ሠራተኞች ክፍያ ይሻሻላል የሚለው ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ ክሌመንስ፣ ኢተን ሉዊስና ሃና ፖስቴል በ2018 ባሳተሙት ጥናት ብዙ ብራሴሮዎች የነበሩባቸውን ክፍለ ግዛቶች ምንም ካልነበሩባቸው ጋር ሲያወዳድሩ፣ በሠራተኞቹ መሄድ ምክንያት የመጣ የተለየ የደመወዝ ዕድገት አላገኙም። ገበሬዎቹ ሠራተኛ ሲያጡ ክፍያ ከመጨመር ይልቅ ማሽን ወደመግዛት አዘንብለዋል፤ የካሊፎርኒያ ቲማቲም በእጅ መለቀሙ ቀርቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በማሽን መሰብሰብ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነበር። ማሽን ያልተገኘላቸው አንዳንድ ሰብሎች ደግሞ የሚለማላቸው መሬት ቀንሷል። ቀጣሪው ሠራተኛ ሲያጥረው ከክፍያ ጭማሪ ሌላ ብዙ አማራጭ ስላለው፣ የሠራተኛ ቁጥር መቀነስ በራሱ ለቀሪው ሠራተኛ ደመወዝ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ተረት 3፦ የውጭ ተወላጆች የሚሻሙት ከአገሩ ተወላጆች ጋር ነው።

እውነታው፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ይፋ ያደረጉት ሰፊ ግምገማ የፍልሰት ተጽእኖ በአጠቃላዩ ደመወዝ ላይ ረዘም ባለ ጊዜ ሲለካ በጣም አነስተኛ መሆኑን ገልጾ፣ ጉዳት ከታየም በመጀመሪያ የሚያርፈው ቀደም ብለው በመጡ የውጭ ተወላጆች ላይ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ደረጃ ባላጠናቀቁ የአገሩ ተወላጆች ላይ እንደሆነ አስረድቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አዲስ የመጣው ሰው ቋንቋው ገና ስላልዳበረና የሚያውቃቸው ሰዎችም ከእርሱ ቀድመው የመጡ ወገኖቹ ስለሆኑ፣ ወደ ሥራ የሚገባው እነርሱ ባሉበት በር ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ጆቫኒ ፔሪና ቻድ ስፓርበር በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ ብዙ ያልተማሩ የውጭ ተወላጆች ወደ ጉልበት ሥራዎች ሲያዘነብሉ፣ ተመሳሳይ የትምህርት ደረጃ ያላቸው የአገሩ ተወላጆች የቋንቋ ብልጫቸውን ተጠቅመው ንግግርና ጽሑፍ ወደሚበዛባቸው ሥራዎች ይሸጋገራሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ ይህን ክፍፍል ሕግም ያጠናክረዋል። የአካባቢው ትልቁ ቀጣሪ የፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በ1976 የፈረሙት ትእዛዝ በውድድር የሚገኙትን አብዛኞቹን የፌዴራል ሥራዎች ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ወስኗቸዋል። ከመንግሥት ጋር ውል ባላቸው ድርጅቶች ውስጥ የሚገኙና የምስጢር ጥበቃ ማረጋገጫ የሚጠይቁ ሥራዎችም በመሠረቱ ለዜጎች የተተዉ ናቸው። በመሆኑም ዜግነት ያላገኘ ሠራተኛ በችሎታው ተወዳዳሪ ቢሆንም እንኳ በአካባቢው ካሉ የተሻሉ ሥራዎች ከአንድ ሰፊ ክፍል ውጭ ሆኖ፣ በግንባታ፣ በሆቴል፣ በፓርኪንግ፣ በሆም ኬርና በትራንስፖርት ሥራ ላይ ከሌሎች መጤዎች ጋር ይገናኛል።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚገኙበት የዲሲ የታክሲ ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከተማዋ በ2008 የዞን ታሪፍን አስቀርታ ሜትር ስታስገባ፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ በስልክ የሚጠራው የኡበር አገልግሎት ሥራ ሲጀምር፣ የነባር ሾፌሮች ገቢ የተናጋው በአሠራርና በቴክኖሎጂ ለውጥ ነው፤ በኡበር መኪና ተቀምጦ ተሳፋሪ የወሰደባቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንደ እነርሱ ከውጭ የመጣ፣ አንዳንዴም የገዛ አገራቸው ልጅ ነበር።

ተረት 4፦ የአገሩ ተወላጅ ሥራ አይወድም፤ አገሪቱን የያዛት መጤው ነው።

እውነታው፦ ይህ እምነት በመጤዎች መካከል የተለመደ ሲሆን፣ ላይ ላዩን ሲታይ ቁጥሩም የሚደግፈው ይመስላል። በ2023 ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የውጭ ተወላጆች 66.6 በመቶዎቹ በሠራተኛ ኃይሉ ውስጥ ሲገኙ፣ የአገሩ ተወላጆች ድርሻ 61.8 በመቶ ነበር። ይህ የተሳትፎ መጣኔ የሚባለው ልኬት ግን ጡረተኛውንም ወጣት ተማሪውንም በአካፋዩ ውስጥ ያስገባል። የአገሩ ተወላጆች በሁሉም ዕድሜ ተሰራጭተው የሚገኙ ሲሆን፣ ሰዎች አገር ለቀው የሚሄዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ በደረሱበት ዕድሜ በመሆኑ፣ ልዩነቱ በአመዛኙ የዕድሜ ስብጥር ልዩነት ነው። ከዚህም ሌላ ብልጫው የወንዶች ብቻ ነው፤ ከሴቶች መካከል፣ በተለይም ትናንሽ ልጆች ካሏቸው እናቶች መካከል፣ በሥራ ገበያ የበለጠ የሚሳተፉት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። የሥራ አጥነት መጣኔ፣ ማለትም ከሠራተኛ ኃይሉ ውስጥ ሥራ እየፈለገ ያላገኘው ድርሻ፣ በዚያው ዓመት ለሁለቱም 3.6 በመቶ ነበር።

ተረት 5፦ የውጭ ተወላጆች ክፍያቸው የሚያንሰው ስላልተማሩ ነው።

እውነታው፦ በ2023 በሙሉ ጊዜ የሚሠሩ የውጭ ተወላጆች መካከለኛ የሳምንት ደመወዝ 987 ዶላር፣ የአገሩ ተወላጆች ደግሞ 1,140 ዶላር ነበር። መካከለኛ ደመወዝ የሚባለው ሠራተኞች በክፍያቸው ቅደም ተከተል ቢሰለፉ እኩል መሐል ላይ የሚገኘው ሰው የሚያገኘው ገንዘብ ነው። የትምህርት ልዩነት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁ ሰዎች በውጭ ተወላጆች መካከል በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። በሌላው ጫፍ ግን የዲግሪና ከዚያ በላይ ትምህርት ያላቸው የውጭ ተወላጆች ቁጥርም ከፍተኛ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የገቡበት ዲቪ (የግሪን ካርድ ዕጣ)፣ በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ አመልካቹ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው እንዲሆን ያዛል።

ስለዚህ በብዙዎች ላይ የሚታየው ችግር በአገራቸው ያገኙት ትምህርት በአሜሪካ የሥራ ገበያ ዋጋ ማጣቱ ነው። በአገሩ በሙያው ለዓመታት የሠራ ነርስ የትምህርት ማስረጃውን ማስገምገም፣ እንግሊዝኛውን ማረጋገጥና ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ሐኪም ደግሞ ከፈተናዎቹ በተጨማሪ የሬዚደንሲ (በሆስፒታል የሚሰጥ) ሥልጠና ቦታ ተወዳድሮ ካላገኘ በተለመደው አሠራር በሙያው መሥራት አይችልም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ያላቸው መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ የሚፈልግ ሲሆን፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድርና ወደ አገር ቤትም ገንዘብ የሚልክ ሰው ግን ለጊዜው ብሎ የገባበትን የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ወይም የፓርኪንግ ሥራ ሳይለቅ ዓመታት ያልፉበታል።

ተረት 6፦ የውጭ ተወላጆች ግብር ሳይከፍሉ የመንግሥት ድጎማ ይቀበላሉ።

እውነታው፦ በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ የውጭ ተወላጅ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር በአብዛኛው ከአገሩ ተወላጅ አይለይም፤ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ለአሜሪካ የጡረታ ፈንድ፣ ከሠራተኛው 6.2 በመቶ፣ ከቀጣሪውም 6.2 በመቶ ይሰበሰባል። የመሥሪያ ፈቃድ ከሌላቸው ሠራተኞች እንኳ ብዙዎቹ ለፈንዱ ይከፍላሉ፤ የፈንዱ ባለሙያዎች እነዚህ ሰዎች በ2010 ከወሰዱት በላይ ያስገቡትን ገንዘብ 12 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገምተውታል። በአንጻሩ በ1996 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ ያገኙ ብዙ ሰዎችን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በገቢ ዝቅተኛነት ከሚሰጡ ዋና ዋና የፌዴራል ድጎማዎች አግዷቸዋል። ለጡረታ ብቁ ለመሆን በተለመደው ሁኔታ የ10 ዓመት መዋጮ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የጡረታ ዘመንን የሚያደማምር ስምምነት ስለሌላቸው ከዚያ በፊት ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ ሰው መዋጮው ጡረታ አያስገኝለትም። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ትውልድ በክፍለ ግዛትና በወረዳ በጀት ላይ ወጪ እንደሚያስከትል የሳይንስ አካዳሚዎቹ የ2016 ግምገማ ሳይሸሽግ አስፍሯል፤ ዋናው ምክንያት የልጆች ትምህርት ሲሆን፣ እነዚሁ ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ ከከፍተኛ ግብር ከፋዮች መካከል እንደሚሆኑም አክሎ ገልጿል።

ከላይ የቀረቡት ማስረጃዎች ፍልሰት ማንንም አይጎዳም ወደሚል መደምደሚያ አያደርሱም። የሚያሳዩት ጫናው የሚያርፍበትን ቦታ ሲሆን፣ ቦታውም አዲስ መጪና ቀዳሚ መጤ በጥቂት የሥራ ዘርፎች ውስጥ የሚጨናነቁበት ነው። በመሆኑም የአገሩን ተወላጅ ለመጥቀም ተብሎ በሩን መዝጋት የታሰበውን ውጤት ላያመጣ ይችላል፤ የሙያ ፈቃድ አሰጣጥን ማቅለል፣ የእንግሊዝኛ ትምህርትን ማስፋትና ወደ ዜግነት የሚወስደውን መንገድ ማሳጠር ግን መጤውን ከተጨናነቀው ዘርፍ አውጥተው ችሎታው ወደሚፈለግበት ሥራ ስለሚያሸጋግሩ፣ በዚያው ዘርፍ የቀሩትን ዝቅተኛ ተከፋዮች፣ የአገሩ ተወላጆቹንም ጨምሮ፣ የመደራደር አቅም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ።